ለሀዋሳ ከተማ ጤና መምሪያ፦ የቦቴው ደብተር ይነበብ

ለሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
ለሀዋሳ ከተማ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት
ሀዋሳ

ጉዳዩ፦ የከተማችን ፍሳሽ በየሳምንቱ ናሙና ተወስዶ እንዲመረመር ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ፣

በቢሮ ወግ ቢሆን «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብዬ በሦስት መስመር ጨርሼ ማኅተም ማስመታት ነበረብኝ። ማኅተም የለኝም። እዚሁ ሀዋሳ አሥራ አንድ ዓመት በላቦራቶሪ ሙያ የሠራሁ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይነ ምድር በማይክሮስኮፕ ሳይ የምውል ሰው ነኝ። ምሳ ላይ ስለ ሥራዬ ስጀምር «እባክህ ተወን፣ እንብላበት» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። እናንተ እንኳ ሥራችሁ ነውና እስከ መጨረሻው እንደምታነቡኝ ተስፋ አለኝ።

ከአንድ ደብተር ልጀምር። ባለፈው ክረምት የግቢያችን ሽንት ቤት ሞላ። ስምንት ቤተሰብ እንጠቀምበታለን። ሁላችንም «ሴፍቲ ታንከር» እንለዋለን እንጂ እውነቱን ለመናገር በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ነው። አዋጥተን መምጠጫ ቦቴ ጠራን። ባለ ቦቴውን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ረዳታቸው ወፍራሙን ጎማ ጎትቶ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ፣ በባዶ እጁ። ሞተሩ ሲነሣ የጎረቤታችን ቆርቆሮ አጥር ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ሒሳብ ልከፍል ወደ ጋቢናው ስጠጋ ጋሼ ከመሪው ኋላ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አወጡ፤ ጠርዙ በናፍጣ የጠቆረ፣ መካከሉ ላይ በላስቲክ የታሰረ። ቀን፣ ሰፈር፣ ስንት ቢያጆ፣ ስንት ብር፣ ማን ከፈለ፣ ማን በዱቤ ቀረ። ሁሉም በእስክሪብቶ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ።

«ልየው ጋሼ?» አልኳቸው። «ምን ታይበታለህ?» ብለው ሰጡኝ።

መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል በየሦስት ሳምንቱ ይጠራቸዋል። አንድ ኮንዶሚኒየም በየወሩ። ታቦር ተራራ ሥር ያለ ግቢ በሁለት ዓመት አንዴ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ሠራተኞች በአንድ ክፍል አራትም አምስትም ሆነው የሚከራዩባቸው ግቢዎች ደግሞ ቶሎ ቶሎ። የከተማዋ ሆድ በቀንና በሰፈር ተመዝግቦ እጄ ላይ ነበር። «ሆድ ይፍጀው» እንላለን እንጂ ሆድ የሚፈጀው ነገር ጥቂት ነው፤ የቀረውን ያወጣዋል፣ ጋሼም ጭነው ይሄዳሉ።

አሁን ደግሞ የሕመም ወሬ እናንተ ዘንድ የሚደርስበትን መንገድ አስቡት። ልጁን ያስቀምጠዋል። እናቱ ሩዝ ቀቅላ ውሃውን ታጠጣዋለች። ሲብስበት ፋርማሲ ሄዳ ስሙን በማታውቀው ሽሮፕ ትመለሳለች። አሁንም ካልተሻለው በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ይዛው ትሄዳለች። ሐኪሙ ምርመራ ካዘዘ፣ ለምርመራውም ገንዘብ ከተገኘ፣ ናሙናው እኔን በመሰለ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። እኔ እመዘግባለሁ፤ መዝገቡ ይደመራል፤ ድምሩ በሳምንታዊ ሪፖርት ወደ እናንተ ይመጣል። የልጁ ዓይነ ምድር ግን ይህን ሁሉ ሰልፍ አልጠበቀም። በመጀመሪያው ቀን ጉድጓድ ገብቷል።

ጋሼ በመጡበት በዚያው ክረምት ግቢያችን ውስጥ በአሥር ቀን አምስት ልጆችን አስቀመጣቸው። ሁሉም ተሻላቸው፣ ተመስገን። ከአምስቱ ላቦራቶሪ የደረሰ ግን አንድም የለም። አንዱ የእኔው ልጅ ነው። ባለሙያ ነኝ ባዩ አባት ኦአርኤስ በጥብጬለት ቤት አስተኛሁት እንጂ ናሙናውን ወስጄ አላየሁትም። በዚያ ሳምንት ሪፖርት ላይ የእኛ ግቢ ጤነኛ ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው፦ ሰው እስኪታመምና እስኪመጣ ከመጠበቅ ጎን ለጎን፣ ከተማዋ የምታወጣው ፍሳሽ ራሱ እንደ አንድ ታካሚ በየሳምንቱ ይመርመር።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ብሬንዳን ሙር የተባለ፣ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ ባለሙያ የፓራታይፎይድ፣ የታይፎይድ ዘመድ የሆነው ሕመም፣ ተሕዋስ ማን ዘንድ እንደተደበቀ የፈለገበትን ዘዴ ጽፎ አሳተመ። መሣሪያው ቁስል የምናስርበት ጎዝ ነበር። ጎዙን አጣጥፎ፣ በገመድ አስሮ፣ ፍሳሹ የሚወርድበት ቱቦ ውስጥ ያንጠለጥለዋል። ጎዙ ለቀናት የሚያልፈውን ሁሉ እንደ ወንፊት ያጠምዳል። ከዚያ አውጥቶ ተሕዋሱን በሚያፋፋ ፈሳሽ ውስጥ ይነክረዋል። ተሕዋሱ ከተገኘ ወደ ላይ ወጥቶ ቱቦው ከሚከፈልበት ቦታ ላይ በየቅርንጫፉ ሌላ ጎዝ ይሰቅላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከዋናው ቱቦ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ቤት ይደርሳል። ዛሬም የሙር ጎዝ ተብሎ ይሠራበታል። እኔ ይህን ሳነብ የቀናሁት ምቀኛ ስለሆንኩ ነው መሰል፦ ጎዝም ገመድም እኛ ጋ ሞልቷል።

ዘዴው ጥርሱን ያሳየው ግን በፖሊዮ ላይ ነው። ፖሊዮ አንድ ልጅ ሽባ አድርጎ እስኪጥል ድረስ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችን ምንም ሳይሰማቸው ወይም ጉንፋን መሳይ ነገር ብቻ ነክቷቸው አልፏል። ሁሉም ግን ቫይረሱን በዓይነ ምድራቸው ያወጡታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ለንደን ውስጥ ከቤክተን የፍሳሽ ማጣሪያ በተወሰዱ ናሙናዎች ከክትባት የመነጨ የፖሊዮ ቫይረስ ተደጋግሞ ተገኘ። አንድም ልጅ ሽባ ሳይሆን ከተማዋ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ሁሉ ተጨማሪ ክትባት አወጀች። በተቃራኒው ጋዛን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ጁን 2024 ከካን ዩኒስና ከዴር አል-ባላህ በተወሰደ ፍሳሽ ቫይረሱ ታየ፤ ውጤቱ በጁላይ ታወቀ፤ ክትባቱ በጦርነቱ መሐል እስኪደርስ አንድ የ10 ወር ሕፃን ሽባ ሆነ፤ ፖሊዮ መሆኑም ኦገስት ላይ ተረጋገጠ። ፍሳሹ ቀድሞ ተናግሮ ነበር።

የእኛም አገር ከዚህ ሩቅ አይደለችም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የዱር ፖሊዮ (ከክትባት ያልመነጨው፣ የተፈጥሮው ቫይረስ) ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ በሶማሌ ክልል የተገኘ ነው። አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኗ በኦገስት 2020 ተረጋግጧል። ከክትባት የመነጨው ዝርያ ግን በ2019 አገራችን ውስጥ ተገኝቷል። ክትባት ያላገኙ ልጆች በበዙበት ሰፈር የተዳከመው የክትባት ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ባሕርዩን እየቀየረ ይሄዳል፤ ምክንያቱ ያ ነው። እዚህ ላይ ክትባቱ ጎጂ ነው የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ፦ መድኃኒቱም ያው ክትባት ነው፣ ልጆቹን ሁሉ መድረስ ነው።

«ለንደን የፍሳሽ መስመር አላት፣ እኛ የለንም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ትክክል ነው። ሀዋሳ ከቤት ቤት ተያይዞ አንድ ማጣሪያ የሚደርስ ቱቦ የላትም፤ አብዛኛው ሰው ጉድጓድ ነው የሚጠቀመው። ነገር ግን የኔፓሏ ካትማንዱ ተመራማሪዎች የታይፎይድን ተሕዋስ ፍሳሽ ከሚገባባቸው ወንዞች ቀድተው ፈልገዋል፤ በማላዊዋ ብላንታየርም እንዲሁ ከወንዝ ውሃ ተሞክሯል። መስመር እስኪዘረጋ እንጠብቅ ካልን የልጅ ልጆቻችን ናቸው የሚጀምሩት።

የጋሼ ደብተር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጠጥ ጉድጓድ ለእኛ ታሪክ ነው፤ ውስጡ የተገኘው ነገር የዛሬ ይሁን የአምና አይታወቅም። ያንን እንለፈው። በየሦስት ሳምንቱ የሚመጠጠው የሆቴል ጉድጓድ፣ በየወሩ የሚሞላው ኮንዶሚኒየም፣ የተከራዮቹ ግቢ ግን ትኩስ ወሬ አላቸው። ቦቴው ማራገፊያው ላይ ሲደርስ አፉ ላይ አንድ ጠርሙስ መቅዳት ነው። በዚያ ላይ የዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍሎች ማንሆል አለ፣ የሆስፒታል መውጫ አለ፣ ማረሚያ ቤት አለ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሽንት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የአንድ ማደሪያ ሕንፃ ፍሳሽ ላይ የኮቪድ ምልክት አይቶ ነዋሪዎቹን፣ 311 ሰዎች፣ ሲመረምር ምንም ስሜት የሌላቸው ሁለት ተማሪዎች አገኘ። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ማንሆል።

ከዚያ ደግሞ ሐይቁ። የሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። በጥቁር ውሃ በኩል የገባው፣ ክረምት ከየቦዩ ጎርፍ ጠርጎ ያወረደው፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ወደ ሐይቁ በሚወርዱ ሁለት ሦስት ቦዮች ላይ የሙር ጎዝ ቢሰቀል፣ የትኛው ሰፈር ምን እንደላከ በመጠኑም ቢሆን ያሳያል።

ለኮሌራ፣ በመሥሪያ ቤት አማርኛ አተት ለምንለው፣ የሚያስፈልገው ሥራ ለእኔ ቢጤ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ጎዙን አልካላይን ፔፕቶን ውሃ በሚባለው ማፋፊያ ፈሳሽ ውስጥ ለተወሰኑ ሰዓታት ታቆየዋለህ፣ ከዚያ ቲሲቢኤስ በሚባለው የኮሌራ ተሕዋስ ማብቀያ ሰሃን ላይ ትዘራዋለህ፣ በማግስቱ ጠዋት ቢጫ ኮሎኒ፣ ማለትም የተሕዋስ ክምችት፣ ታያለህ ወይም አታይም። ቢጫ አየሁ ብሎ መጮህ ግን አያስፈልግም። ሐይቅና ወንዝ ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖሩ፣ ወረርሽኝ የማያስነሡ ቪብሪዮዎች፣ የኮሌራ ተሕዋስ ዘመዶች፣ አሉ፤ ወረርሽኝ ከሚያስነሡት ዓይነቶች፣ ከኦ1 ወይም ከኦ139፣ አንዱ መሆኑ ሳይረጋገጥ ወሬ የለም። ይህን የምለው ለእናንተ ሳይሆን ደብዳቤዬን በስልኩ እያነበበ ላለው ወገኔ ነው።

የቫይረሱ ሥራ ከበድ ይላል፤ ናሙናው በበረዶ ሳጥን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መሄድ ይኖርበታል። መንገዱ ግን የተጠረገ ነው። አንድ ልጅ እጅ ወይም እግሩ በድንገት ሲልፈሰፈስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የዓይነ ምድር ናሙና ተወስዶ፣ ቅዝቃዜው ተጠብቆ፣ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይደርሳል። ያው ሳጥን ውስጥ አንድ ሊትር ፍሳሽ ለመጨመር አዲስ መኪና አይገዛም።

አንድ የገረመኝን ነገር በዚሁ ላንሣ። ዝናብ ሲዘንብ ፍሳሹ ይቀጥናል፤ ታዲያ የተገኘው ተሕዋስ ቀነሰ ወይስ ውሃው በዛ? ይህን ለመለየት በብዙ አገር የሚለኩት በሰው ዓይነ ምድር ውስጥ በብዛት የሚገኝ ሌላ ቫይረስ ነው፤ የበርበሬ ተክልን የሚያሳምም ቫይረስ። ሰውን አይነካም። በበርበሬና በቃሪያ ገብቶ በሌላው ወገን ይወጣል። እሱ ብዙ ከሆነ ናሙናው ውስጥ የሰው እዳሪ ብዙ ነው፣ ጥቂት ከሆነ ቀጥኗል ማለት ነው። ፈረንጅ በሶስና በቺፕስ የሚያገኘውን መለኪያ እኛ በቀይ ወጥ ምን ያህል እንደምናገኝ ማየት ብቻውን ያጓጓኛል።

ስለ ታይፎይድ ሳላነሣ ባልፍ ግን የሙያ ባልደረቦቼ ይታዘቡኛል። በዚህ ከተማ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ሰው አለ? ራስ ምታት፣ ታይፎይድ። ድካም፣ ታይፎይድ። አብዛኛው የሚነገረው እ.ኤ.አ. በ1896 በወጣው የዊዳል ምርመራ ነው፤ እኔም በየቀኑ እሠራዋለሁ። ጠብታ የደም ውሃና ጠብታ ፈሳሽ ካርድ ላይ አማስላለሁ፣ ሲጓጉል «ሪአክቲቭ» ብዬ እጽፋለሁ። ከዓመታት በፊት ያለፈ ሕመምም ሊያጓጉለው ይችላል፣ ሌላ ተሕዋስም እንዲሁ። አስተማማኙ የደም ካልቸር፣ ማለትም ተሕዋሱን ከደም አብቅሎ ማየት፣ ነው፤ እሱ ቀናት ይወስዳል፣ በየቦታውም አይሠራም። ስለዚህ ሀዋሳ ውስጥ ስንት እውነተኛ ታይፎይድ እንዳለ በእኔ ካርድ አይታወቅም፤ በካርዱ ምክንያት ግን ስንት አንቲባዮቲክ እንደሚዋጥ ፋርማሲዎች ያውቁታል። ፍሳሹ «የታይፎይድ ተሕዋስ በዚህ ሰፈር ዓመቱን ሙሉ አለ» ወይም «ስድስት ወር ፈለግን፣ አላገኘንም» ቢለን የዊዳል ካርዴን አምኜ የምጽፈውን ቃል ሁለቴ አስብበታለሁ። ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ለእኔ የሚበልጥብኝ ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ጋሼን «ጠርሙስ ቢመጣ ያስቀዳሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁ። «አስቀዳለሁ። ግን ከየት እንዳመጣሁ ስነግራቸው የት እንደደፋሁም ሊጠይቁኝ ነው» አሉ። እውነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማራገፊያው ሩቅ ነው፣ ክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፣ ማታ ማታ ቦይ ዳር ቆሞ የሚያራግፍ መኪና አለ። ጋሼ እንደማያደርጉት ነግረውኛል፤ እኔም አላጣራሁም። ነገር ግን ናሙና ሰብሳቢው ከደንብ አስከባሪ ጋር አብሮ ከመጣ፣ ቦቴዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ደብተር የሌላቸው ይሆናሉ። ስለዚህ በጽሑፍ ቃል ግቡላቸው፦ ለምርመራ የተነገረ ሰፈርና ቀን ለቅጣት አይውልም። ለረዳቶቻቸውም ጓንትና ቦቲ ስጡ፣ የታይፎይድና የሄፓታይተስ ክትባትም ቢሆን። በባዶ እጅ ጎማ የሚጎትተው ልጅ ከእኔ በፊት የከተማዋን ተሕዋስ የሚነካ እሱ ነው።

ሌላው ፍርሃቴ ወሬ ነው። ፍሳሽ የማንንም ስም አይናገርም፤ ትልቁ ጸጋው ይህ ነው። የሰፈር ስም ግን ይናገራል። «እንትን ሰፈር ኮሌራ ተገኘ» የሚል አንድ የቴሌግራም ጽሑፍ ቅዳሜ ጠዋት ቢለቀቅ አሞራ ገደል፣ የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ዓሣው ለአባ ኮዳ ወፎቹ ይተርፋል፤ ጀልባ ቀዛፊውና ዳጣ ሻጯ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። መደበቅ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ የተደበቀ ውጤት ቴሌግራም ላይ ሲወጣ አሥር እጥፍ ሆኖ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ተገኘም አልተገኘም በየወሩ በተወሰነ ቀን በሬዲዮና በየጤና ጣቢያው ሰሌዳ ይነገር፤ በክፍለ ከተማ ደረጃ እንጂ በግቢ ደረጃ አይሁን። «በዚህ ወር ምንም የለም» የሚለውን ስድስት ጊዜ የሰማ ሰው፣ በሰባተኛው «አለ» ሲባል ውሃውን ያፈላል እንጂ አይሸሽም።

ደግሞም የመጀመሪያው ጠርሙስ ከመቀዳቱ በፊት አንድ ወረቀት ይፈረም፦ ኮሌራ ከተገኘ ማን ለማን ይደውላል፣ የየትኛው ሰፈር ውሃ ክሎሪን በስንት ሰዓት ይለካል፣ ጤና ኤክስቴንሽኖቹ ኦአርኤስ ይዘው በየትኛው ቀን ቤት ለቤት ይገባሉ፤ ፖሊዮ ከተገኘ ክትባቱ ከየት ይጀምራል። ላቦራቶሪ ውስጥ የምናውቀው አንድ ሕመም አለ፦ የተሠራ፣ የተፈረመ፣ ማንም ያልወሰደው ውጤት። የእኔ መሳቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ ብዙ አለ።

ለጅምሩ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሳምንት አሥራ ሁለት ጠርሙስ፦ አምስት ከቦቴ፣ አራት ከማንሆል፣ ሦስት ጎዝ ከቦይ። ናሙና በመውሰድ እኔም፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ አበል ለመርዳት ተስማምተናል።

ጋሼም ደብተራቸውን ለማሳየት ፈቃደኛ ናቸው። ነገር ግን ፎቶ አንሥታችሁ በዚያው ቀን እንድትመልሱላቸው አደራ ብለዋል፤ ያልተሰበሰበ ዱቤ አለበት።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ሀዋሳ

ግልባጭ፦
ለሲዳማ ክልል ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ለግቢያችን ስምንት አባወራዎች